ትልቁ መደብር ሲዘጋ ትንንሾቹ ለምን ይከተላሉ?

በአሜሪካ የገበያ ማዕከሎች ትልቁ መደብር ሲዘጋ ትንንሾቹ ለምን ተከትለው እንደሚወጡ ጠይቀዋል። ዋናው ነገር ያለው ውሉ ላይ ነው። ብዙ ትንንሽ ተከራዮች "ትልቁ ከተዘጋ ኪራዬ ይቀንስልኝ፣ ካልሆነም ልውጣ" የሚል አንቀጽ ያስገባሉ። ገበያተኛውን የሚጠራላቸው እሱ ነዋ! ለዚህም ሲባል ትልቁ በካሬ የሚከፍለው ኪራይ ከነሱ በጣም ያነሰ ነው፤ አንዳንዴም ሕንፃው የራሱ ነው። ስለዚህ እሱ ሲወጣ የገበያ ማዕከሉ ባለቤት ከሁለት ወገን ይጎዳል፤ ትልቁንም ያጣል፣ የትንንሾቹም ኪራይ ይቀንስበታል።

ሁሉም ግን ወድቆ አይቀርም። ሚኒሶታ ግዛት፣ ኢዳይና ከተማ ያለውን ሳውዝዴል የተባለ የገበያ ማዕከል ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሲከፈት ዴይተንስና ዶናልድሰንስ የተባሉ ተፎካካሪ ትልልቅ መደብሮች አንድ ጣሪያ ስር ገቡ። ለዚያ ዘመን በጣም ደፋር ውሳኔ ነበር። የሚኒሶታ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እዚያ ውስጥ ግን ክረምት ከበጋ ሙቀቱ ያው ነው፤ መሃል ላይም እውነተኛ ወፎች ያሉበት ትልቅ የወፍ ቤት ቆሞ ነበር።

ዴይተንስ በ2001 ማርሻል ፊልድስ፣ በ2006 ደግሞ ሜሲስ ሆነ። በኋላ የገባው ሌላ ትልቅ መደብር፣ ጄሲፔኒ፣ በ2017 ሲዘጋ ቦታውን ትልቅ ጂም ወሰደው። በእኔ እይታ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ልብስ የሚገዛ ሰው አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው፣ ስፖርተኛ ግን በየሳምንቱ ይመላለሳል።