የእናቴ ጸሎት ነገረ መለኮት ይባላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን። በቀደም አንዷ ልጅ የአፍሪካ ሴቶች ስለሚጽፉት ነገረ መለኮት አነሳች። አንዱ ወንድማችን ወዲያው «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ባህላችንን ያበላሻል» አለ። ሌላው ደግሞ «ነገረ መለኮት የተማረ ሰው ሥራ ነው» ብሎ ወሬውን ዘጋው። እኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። ፊደል አልቆጠረችም። ግን ሌሊት ተነስታ እግዚአብሔርን ስታናግር የምሰማው ከብዙ ስብከት ይበልጥብኛል። እንዲህ ማሰቤ ስህተት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ስህተት አይደለም።

ከፈረንጅ እንጀምር። እዚሁ ወሎ የጋሥጫው አባ ጊዮርጊስ «መጽሐፈ ምስጢር»ን የጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1424 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የፕሮቴስታንት እምነት የተነሳበት ጀርመናዊው ማርቲን ሉተር የተወለደው በ1483 ነው፤ ልዩነቱን አንቺው አስቢው። አባ ጊዮርጊስ የተማረውም ከደሴ ብዙ በማይርቀው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ስለ ሥላሴና ስለ ክርስቶስ ሰው መሆን የጻፈው በግዕዝ፣ የራሱ ዘመን ሰዎች ላነሱት ክርክር ነው።

ሴቶቹም ዝም አላሉም። ቡልጋ ተወልዳ ጣና ላይ ጓንጉት የመነነችው ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ናት። ገድሏ እንደሚለው፣ የአዳም ልጆች እንዳይጠፉ ብላ እግዚአብሔር ከሰይጣን ጋር እንዲታረቅ ለመነች። ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ሲኦል ድረስ ወርዳ ሰይጣንን ጠራችው። እሱ ግን እርቁን ትቶ እሷኑ ወደ ውስጥ ጎተታት፤ ሚካኤል አዳናት፤ ስትወጣ ብዙ ነፍሳት አብረዋት ወጡ። ይሄን ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተን እናልፈዋለን። የእግዚአብሔር ምሕረት እስከ የት ይደርሳል የሚለው ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ የተጨነቁበት ጥያቄ ነው፤ እዚህ ልጆች ወልዳ ያሳደገች ሴት እስከ መጨረሻው ገፋችው። እኔ ይሄን ነገረ መለኮት ካላልኩ ምን ልለው ነው? ወለተ ጴጥሮስም አለች፣ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡን ሲያስገድዱ ባሏን ጥላ ወጥታ የተሟገተችው። ያረፈችው በ1642 ነው፤ ገድሏ የተጻፈው በ1672።

ጓደኛሽ ያነሳቻቸው ሴቶች ደግሞ ጋናዊቷ መርሲ አምባ ኦዱዮዬና ባልደረቦቿ ሳይሆኑ አይቀሩም። በ1989 አክራ ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ ሴቶች የነገረ መለኮት ማኅበር መሠረቱ። ኦዱዮዬ ሁለት ወገን ነው የምትሞግተው። ሚሲዮናውያን የአፍሪካን ባህል መናቃቸውን ትቃወማለች። ባህላችን ይከበር የሚሉት የአፍሪካ ወንዶችም ያው ባህል በሴቷ ላይ የሚያደርገውን፣ ባሏ የሞተባት ሴት ላይ የሚጫነውን ሥርዓት፣ ሴትን የሚያሳንሰውን ተረትና ምሳሌ እንዲመረምሩ ትጠይቃለች። እኔ በዚህ ከልቤ እስማማለሁ። እኛም እኮ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብለን አድገናል። ባህል ይበላሻል ያለውን ወንድማችሁን ይሄኛውም ይጠበቅ ወይ በዪው። ትንሣኤውን መጀመሪያ ያዩትና ለሐዋርያት የነገሩት ሴቶች መሆናቸውንም አስታውሺው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። አፉዋ ኩማ የምትባል ሌላ ጋናዊት ነበረች። አዋላጅና ገበሬ ናት፤ ማንበብ አትችልም። በአገሯ በሚነገረው በትዊ ቋንቋ ኢየሱስን ስታወድስ ከምታውቀው ኑሮ ነበር የምታመጣው፦ ከጫካው፣ ከወንዙ፣ ከአውሬ አዳኙ፣ ከአገሩ አለቃ። ሰዎች ቃሏን ጽፈው በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሳተሙት፤ ዛሬ የተማሩት ናቸው ተቀምጠው የሚያጠኑት። እኛም አገር በሴቶች አፍ ብቻ ያለ ስንት ነገር አለ። ምጥ የያዛትን ሴት ከበው «ማርያም ማርያም» የሚሉት እናቶች አምላክ ከሴት መወለዱን አምነው፣ ያንን እምነት ሞትና ሕይወት በሚተናነቁበት ሰዓት ላይ ነው የሚያውሉት። እናትሽ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደሆነች አልጻፍሽልኝም። ፕሮቴስታንት ከሆነች ጸሎቷ ሌላ መልክ ይኖረዋል፤ ያም ቢሆን መልሴ አይለወጥም።

እናት ያለችው ሁሉ ትክክል ነው ማለቴ ግን አይደለም። የእሷም ቃል እንደ ሊቁ ቃል በመጽሐፉ ይመዘን። ለመመዘን ግን መጀመሪያ መሰማት አለበት። ስለዚህ አስፈቅደሻት በስልክሽ ቅጂያት። ስትጽፊው አታሳምሪው፣ ወሎዬ አማርኛዋን እንዳለ ተዪው። ምን አስባ እንዲህ እንዳለች ጠይቂያትና፣ ፈቃደኛ ከሆነች ለቅዳሜው ጉባኤ አንብቢላቸው።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነኝ። ሴት ልጄ ቅኔ ልማር ብላ አስቸገረችኝ። ዘመድ ሁሉ «ሴት ደሞ ምን ልትሆንበት?» ይለኛል። ለመሆኑ ከዚህ በፊት የተማረች ሴት አለች?

መልስ፦ አለች እንጂ፣ አባቴ! የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ ኋላ ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን አስተምረዋል። ለዘመድዎ ስማቸውን ይንገሩት። እኔን የሚያሳስበኝ የልጅቷ ማደሪያ ነው። የቆሎ ተማሪ ጎጆ አድሮ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ነው የሚማረው፤ ለሴት ልጅ ይሄ ይከብዳል። ከቤቷ እየተመላለሰች የሚያስተምራት መምህር እዚያው ደሴ ይፈልጉላት። ሊያናግሩት ሲሄዱም እሷን ይዘዋት ይሂዱ፣ ራሷ ትጠይቀው።