ያንኑ ዛፍ፣ ክረምት ከበጋ

ልጆቼ፣

ባለፈው ጥር በጣና ሐይቅ ወደ ዘጌ በምትሄድ ጀልባ ላይ ከእናንተ እኩዮች ጋር ተሳፍሬ ነበር። ስለ ዕፅዋት ተምረው በቅርቡ የተመረቁ ናቸው። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጫካውን ዞረው፣ ስልካቸውን በፎቶግራፍ ሞልተው ሲመለሱ አንደኛው «ዘጌንም አወቅናት» አለ። ዝም አልኩ። ጀልባ ላይ ምክር መስጠት አልችልበትም፣ የሞተሩ ድምፅ ያሸንፈኛል። ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ሲከነክነኝ ስለቆየ ልጻፈው።

በደን ሥራ ሠላሳ ዓመት ቆይቻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ቀኑ በየካቲት ነው፣ ከጣና ዳር ብዙ በማይርቅ ቦታ የደረቁ ዛፎችን መዝግቤ ለማገዶ እንዲቆረጡ ምልክት እንዳደርግ ታዘዝኩ። ቀይ ቀለም በቆርቆሮ ይዤ ስዞር አንድ ኮርች አገኘሁ። ቅጠል የለው፣ አበባ የለው፣ እሾሃማ ቅርንጫፉ ራቁቱን ቆሟል። ቀባሁት። በማግሥቱ ቆራጩ ሁለት ጊዜ በመጥረቢያ መታውና አቆመ። ጎንበስ ብሎ አንድ ስንጣሪ አነሣና መዳፌ ላይ አኖረው። እርጥብ ነበር። «ጌታው፣ ይህ እኮ በሕይወት አለ» አለኝ። ሰውየው አባቴ ይሆናል። እኔ ግን መዝገቡ ላይ ሰፍሯል፣ ተፈርሞበታል ብዬ አስጨረስኩት። ኮርች በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን የሚቆም፣ ቀይ አበባውንም በባዶ ቅርንጫፍ ላይ የሚያወጣ ዛፍ መሆኑን መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር፤ ፈተናም አልፌበታለሁ። በበጋ ቆሜ አይቼው ግን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አንድ መንገድ ምረጡና ዓመቱን ሙሉ ተመላለሱበት።

በአዲስ አበባ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ፣ ሄዳችሁ እዩት። ለእኛ ለባሕር ዳር ሰዎች ግን ጣና ራሱ የበለጠ ቅርብ ነው። የዘጌ ገዳማት ትውፊት እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ለምድሪቱ ሰጥተዋታል፤ በሬ አይጠመድባትም፣ ከብትም አይረባባትም። የትውፊቱን ታሪክ ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። ውጤቱ ግን ዓይን ያየዋል፤ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፣ ዛፎቹም በእርሻ ምክንያት አልተመነጠሩም። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ጋር ተጣጥሞ እንዲጠበቅ በተለየ ክልልነት፣ መዝግቦታል።

በወርኃ ጽጌ ሁሉም ሰው ስለሚሄድ ብዙ አልልም። ሐይቁ ሞልቷል፣ ሜዳው አደይ ለብሷል፣ ዋንዛውም ነጭ አበባውን ማውጣት ጀምሯል። ብቻ ዋንዛውን አትርሱት፤ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚቦረቦረው ከግንዱ ነው፣ እኛም ልጅ ሳለን የሚያጣብቀውን ፍሬውን ስንልስ አድገናል።

በጋውን ጎብኚ አሰልቺ ይለዋል። እኔ የዛፍ ቅርፊት ያወቅሁት በበጋ ነው። ቅጠሉ ሲሳሳ ግንዱ ጎልቶ ይወጣል፣ ሁለት ዛፎችን በእጅ ዳብሶ መለየት ይቻላል። ብሳናው በአረንጓዴው መካከል ጥቂት ቅጠሎቹን ብርቱካንማ አድርጎ ከሩቅ ይጠራችኋል። ብርብራው ሥር በእኩለ ቀን ብትቀመጡ ደግሞ ደርቆ የከረመው የዘር ከረጢቱ ጧ ብሎ ሲፈነዳና ዘሩን ሲወረውር ትሰማላችሁ። ይህ ዛፍ ከኢትዮጵያ በቀር በተፈጥሮ የሚበቅልበት አገር የለም፤ ዘሩን ወቅጠው ውኃ ውስጥ በመጨመር ዓሣ የሚያደነዝዙበትም ሰዎች ነበሩ። (አትሞክሩት፤ የዓሣ ጫጩቱንም ያጠፋል።)

ከበጋው መጨረሻ የመጀመሪያው ካፊያ ከወረደ ሳምንት አለፍ ሲለው ሳትዘገዩ ሂዱ። ቡናው ያብባል፣ ጫካው በሙሉ ይሸታል፣ አበባውም ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም። ሁለት ጊዜ ዘግይቼ ደርሼ መሬት ላይ የረገፈውን ቡናማ አበባ አይቼ ተመልሻለሁ።

ክረምቱ የእኔ ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። የዘጌ መንገድ ይጨቀያል፣ ጎብኚ ይጠፋል፣ ዛፉ ሁሉ ቅጠል ስለሚያበዛ በበጋ የለያችሁት ዛፍ ተመልሶ ያደናግራችኋል። ያን ጊዜ ነው ያወቃችሁትን የምትፈትኑት። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና ከጀልባ ጋር አይቀልድም። ናሙና የምትሰበስቡ ከሆነ በጋዜጣ መካከል የተጫነውን ቅጠል በየቀኑ ደረቅ ጋዜጣ ቀይሩለት፣ አለዚያ ይሻግታል። የነሐሴ ድካሜን በሙሉ ሻጋታ በልቶብኝ ያውቃል። አበባ ወይም ፍሬ የሌለው ቅርንጫፍ ይዛችሁም አትምጡ፤ ዕፅዋት የሚለዩት በአብዛኛው በእነዚያ ነውና። በየወቅቱ ተመላለሱ የምለው ለውበት ብቻ አይደለም። በገዳም ክልል ውስጥ ደግሞ ሳታስፈቅዱ ቅጠል አትቅጠፉ። ሴት ልጆቼ፣ ክብራን ገብርኤል የተባለው የደሴት ገዳም ሴት እንደማያስገባ ቀድማችሁ እወቁት፤ ጀልባ ከተከራያችሁ በኋላ ብትሰሙት ያናድዳል።

ስም ስትጠይቁ ሦስት ሰው ጠይቁ፣ ሦስቱንም መልስ ጻፉ፤ ማን እንደነገራችሁም። እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ የተጓዘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ተቅማጥ መድኃኒቱ ዋጊኖስ ሲጽፍ ያገሬውን ስም አብሮ አስፍሯል። ሳይንሳዊ ስሙ የራሱን የብሩስን ስም ይዞ ቀረ እንጂ ዋጊኖስ የሚለውን ስም ዛሬም ባላገሩ ያውቀዋል።

እምቦጭንም ጻፉት። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ስንታገለው ኖረናል። ሐምራዊ አበባው ያምራል፣ ከፊቱ ቆመው ፎቶግራፍ የሚነሡ ሰዎች አይቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም፣ ጀልባው የተያዘበት ዓሣ አጥማጅ ግን አብሯቸው አይቆምም።

ያ ኮርች በሰኔ ዝናብ ከጉቶው ዙሪያ አቆጠቆጠ። ቆራጩ ሳይሆን አይቀርም እሾህ አምጥቶ ከብት እንዳይበላው አጥሮለት አገኘሁት፤ እኔ እንኳ ያን አላሰብኩም ነበር። ዛሬ ከጉቶው የወጡት ሦስት ግንዶች ከእኔ ቁመት በብዙ ይበልጣሉ። በየዓመቱ በየካቲት ሄጄ አያቸዋለሁ። ሙሉ በሙሉ የደረቁ ነው የሚመስሉት።