ላስሎ እንዴት ሌስሊ ሆነ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሃንጋሪ ዘር ያለው አሜሪካዊ ነው። አያቱ ላስሎ ይባሉ ነበር፤ የአሜሪካ ወረቀታቸው ግን ሌስሊ ይላል። ለምትወለደው ልጃችን የሃንጋሪ ስም ብናወጣ ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ እህታችን፣ ሌስሊ የጸሐፊ ስህተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 በሶቪየት የበላይነት ላይ ከተነሣው አመፅ በኋላ 200,000 ያህል ሰው ከሃንጋሪ ሸሽቷል፤ ውጭ አገር ሲደርሱ ላስሎን በሌስሊ፣ ኢሽትቫንን በስቲቨን፣ ፌረንትስን በፍራንክ መተካት የተለመደ ነበር። ዞልታን ግን አቻ ስለሌለው እንዳለ ይቀራል። አሮጌ የሃንጋሪ ወረቀት ስታዩ ደግሞ የቤተሰብ ስም እንደሚቀድም አትርሱ።

ወደ ልጅቷ ስንመጣ፣ ዋናው ጣጣ ንባቡ ነው። በሃንጋሪኛ “ኤስ” ብቻውን “ሽ” ተብሎ ይነበባል፤ “ስ” ለማለት “ኤስ” እና “ዜድ” ይጣመራሉ። ስለዚህ ሳራ ብላችሁ ብታስመዘግቧት የቡዳፔስት አክስቷ “ሻራ” ትላታለች። ቤላም አሜሪካ ውስጥ የሴት ይመስላል እንጂ እዚያ የወንድ ስም ነው፤ ባትነኩት ይሻላል። አና በሁለቱም አገር ያለ ጣጣ ይሄዳል። ኤቫ ካላችሁ፣ ሃንጋሪዎች ፊደሉ ላይ የሚጨምሩትን ጭረት የአሜሪካ ፓስፖርት አያትምም። አያት ቅድመ አያትን ማስታወስ ከሆነ ሐሳባችሁ፣ የሃንጋሪውን ስም በራሷ ስምና በቤተሰብ ስሟ መካከል የሚገባ ሁለተኛ ስም አድርጉት።