ሰማያዊዋ ነጥብ ካርድ አትበላም

ሰላም ልጆች። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በቅየሳና በካርታ ሥራ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ እግሬ ግን ገና አልወጣም። እንጦጦ፣ መናገሻ ሱባ፣ ሲመቸኝ ደግሞ ወንጪ እሄዳለሁ። በየመንገዱ የማገኘው እናንተን ነው። ተራራ የሚወድ ወጣት እንዲህ ይበዛል ብዬ አላሰብኩም ነበርና ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን በየጊዜው ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፦ «ዳታዬ አለቀ፣ ጂፒኤሱ ጠፋ።» ዛሬ የምጽፍላችሁ በዚህ ጉዳይ ነው።

ጂፒኤስ ዳታ አይፈልግም። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆነው እየዞሩ ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ይናገራሉ። ስልካችሁ ይሰማል እንጂ ምንም አይልክላቸውም። ቢያንስ አራቱን ከሰማ ያላችሁበትን ቦታ ራሱ አስልቶ ካርታው ላይ በሰማያዊ ነጥብ ያሳያችኋል። ሬዲዮ እንደ መስማት ነው፣ ሰማህ ብሎ የሚያስከፍል የለም። ሲም ካርዱን ብታወጡት እንኳ ይሠራል።

ታዲያ ፓኬጁን ማን በላው? ካርታው። ከነጥቧ ሥር ያለው ሥዕል ነው በዳታ የሚመጣው። መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ አንድ ልጅ ስልኩን እየነቀነቀ ሲበሳጭ አገኘሁት። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ገጽና አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብቻ። «እስቲ ትንሽ ተራመድ» አልኩት። ሲራመድ ነጥቧም አብራው ትሄዳለች። «ጋሼ፣ እሷማ አለች፣ ካርታው ነው የጠፋው» አለኝ። ይኸው ነው ነገሩ። ነጥቧን መንግሥተ ሰማያት ይስጣቸውና ሳተላይት የሠሩት ሰዎች በነፃ ሰጥተዋችኋል፣ ካርታውን ግን ከቤት ይዛችሁ መምጣት አለባችሁ።

ከሁሉም ዳታ የሚጨርሰው የሳተላይት ፎቶው ነው። ዛፉና ጣሪያው ስለሚታይ ያምራል፣ አልክድም። ግን በሁለት ጣት ባጎላችሁትና በገፋችሁት ቁጥር ስልኩ አዲስ ፎቶ ያወርዳል። ተራ ካርታው ከሱ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ለእግር ጉዞ ደግሞ ፎቶው ያን ያህል አይጠቅምም። ከላይ ሲታይ ገደሉም ሜዳውም አረንጓዴ ነው። ኮንቱር መስመር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር፣ ያለው ካርታ ይሻላችኋል። መስመሮቹ ከተጠጋጉ ቁልቁለቱ ከባድ ነው፣ ከተራራቁ ደግሞ ዘና ብላችሁ ሂዱ።

እንግዲህ ከጉዞው በፊት ባለው ማታ፣ ዋይፋይ ባለበት ቦታ፣ ካርታውን አውርዱ። እኔ ለእግር ጉዞ ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን አፕ እመርጣለሁ፤ ኦስምአንድም ጥሩ ነው። ሁለቱም የሚጠቀሙት በ2004 የተጀመረውን፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሥሉትን ኦፕንስትሪትማፕ ነው። ጎግል ማፕስም አንድን አካባቢ ለኦፍላይን ያወርዳል። ግን ያለ ኢንተርኔት የመኪና መንገድ እንጂ የእግረኛ መንገድ አይመራችሁም። ይህን ሳያውቁ ተማምነው የሚወጡ ብዙ ናቸው። ኦፕንስትሪትማፕም ቢሆን ፍጹም አይደለም። አንድ ሰው ሄዶ ያልሣለው መንገድ እዚያ የለም። የተሣለውም አንዳንዴ ከብት ወደ ውኃ የሚወርድበት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ካወረዳችሁ በኋላ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ኤርፕሌን ሞድ አብሩ። ካርታውን ክፈቱና የምትሄዱበትን ተራራ እስከ መጨረሻው አጉሉት። መንገዱና ወንዙ ከታየ ጨርሳችኋል። ግራጫ ከሆነ አልወረደም። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ የሚያደርገው ሰው ግን እምብዛም አላየሁም።

ቀድሞ የሄደ ጓደኛ ካላችሁ በስልኩ የመዘገበውን ትራክ፣ ማለትም የሄደበትን መስመር፣ ጂፒኤክስ በሚባለው የፋይል ዓይነት አድርጎ በቴሌግራም ይላክላችሁ። ጽሑፍ ስለሆነ ከአንድ ፎቶ ያንሳል። እናንተም ስትወጡ መዝግቡ። ጉም ከመጣ የወጣችሁበትን መስመር ይዛችሁ ትወርዳላችሁ። መመዝገቡ ዳታ አይነካም፤ የሚነካው «ያለሁበትን ጓደኞቼ በቀጥታ ይዩ» ስትሉ ነው።

ጠዋት መነሻችሁ ላይ ትንሽ ታገሡ። ስልክ ዳታ ሲኖረው የሳተላይቶቹን መረጃ ከኢንተርኔት በጥቂቱ ይወስድና ቦታውን ቶሎ ያገኛል። ያለ ዳታ ግን የመጀመሪያዋ ነጥብ እስክትመጣ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ሰማይ በሚታይበት ገላጣ ቦታ ቁሙ፣ ጫማችሁንም እስከዚያው አጥብቁ። ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ጫካ ውስጥ ወይም ገደል ሥር ነጥቧ ወዲያና ወዲህ ብትዘል አትደንግጡ። ምልክቱ ከድንጋዩ እየተንጸባረቀ ነው። ዳታ ብትከፍቱ አይስተካከልም፣ ወደ ገላጣ ስትወጡ ራሱ ይስተካከላል።

ኔትወርክ በሌለበት ስልክ ኔትወርክ ፍለጋ ባትሪውን ይጨርሳል። ስለዚህ ሎኬሽኑን ሳታጠፉ ኤርፕሌን ሞድ አብሩ። በአብዛኞቹ ስልኮች ጂፒኤሱ እንደዚያም ሆኖ ይሠራል። ዳታም ባትሪም ተረፈ ማለት ነው። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ኤርፕሌን ሞዱን አጥፍታችሁ ለቤተሰብ ደውሉ። ስሜን የምትወጡ ከሆነ፣ በተለይ 4,400 ሜትር በሚያልፈው እንደ ቧሂት ባለ ተራራ ላይ፣ ብርዱ ባትሪውን ይገድለዋል። ስልኩ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይሁን። እዚያ መንገድ መሪና ስካውት የሚባለውን የፓርክ ጠባቂ ይዞ መሄድ ነው፤ ስልክ የእነሱን ቦታ አይተካም።

ቴሌግራም ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ዝጉት፣ የአፕ ማሻሻያም በዋይፋይ ብቻ ይሁን። ቲክቶኩን እንኳ እናንተ ታውቁታላችሁ።

አሁን የሙያዬን ነገር ላንሣ። ችግር ቢገጥማችሁ ያላችሁበትን ለመናገር ዳታ አያስፈልግም። አፑ ላይ ነጥቧን ስትነኩ ሁለት ቁጥር ይመጣል፣ ለምሳሌ 8.9712, 38.5483። በኤስኤምኤስ ላኩት። ኤስኤምኤስ ጥሪ በማይይዝበት ደካማ ኔትወርክም ብዙ ጊዜ ያልፋል። ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ይበቃል፤ አራተኛው አኃዝ 11 ሜትር ያህል ነው። ሰባት አኃዝ የሚልክ ሰው አያለሁ፣ ስልኩ ራሱ ያን ያህል አያውቅም። ስትጽፉ እንዳትሳሳቱ ደግሞ ይህን ያዙ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆናችሁ የመጀመሪያው ቁጥር ከ3 እስከ 15፣ ሁለተኛው ከ33 እስከ 48 መካከል ነው። ከዚህ ከወጣ ቁጥሮቹን አገላብጣችኋል ወይም አኃዝ ዘላችኋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። ለእነሱ ስትደውሉ ግን ከቁጥሩ በፊት የሰፈሩን ወይም በአቅራቢያው ያለውን ቤተ ክርስቲያን ስም ተናገሩ። የአካባቢው ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። ስሙን ደግሞ ጠዋት ስትወጡ ከእረኛው ጠይቃችሁ ያዙ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዚያው ትጠይቃላችሁ።

የድሮውን 1:50,000 የወረቀት ካርታ የምትይዙ ጥቂት ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ተባረኩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የቆዩት ወረቀቶች አዲንዳን በሚባለው መነሻ፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮቹ በሚለኩበት መሠረት፣ የተሠሩ ናቸው፣ ስልካችሁ ደግሞ በሌላ መነሻ ይሠራል። ከወረቀቱ ያነበባችሁትን ቁጥር እንዳለ ስልኩ ላይ ብትጽፉት ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይስታል። ሜዳ ላይ ምንም አይደለም። ገደል አፋፍ ላይ ግን ሌላ ነው።

ጎግል ላይ ያወረዳችሁት ካርታ ካልታደሰ ጊዜው ያልፍበታል፣ ሌሎቹም አዲስ መንገድ ሲጨመር ይቀየራሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት አድሱት። ካርታው ላይ በሌለ መንገድ ሄዳችሁ ከመዘገባችሁ ደግሞ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ጫኑት። ቤት ገብታችሁ፣ በዋይፋይ።