ፈንጂ የመታት ታንከር ላይ ቀዳዳውን ብቻ አትመልከት

ጥያቄህን አየሁት ወንድሜ። ጦርነት አካባቢ የባህር ፈንጂ የመታት ታንከር (ነዳጅ ጫኝ መርከብ) ድራይ ዶክ፣ ማለትም ውሃው ተመጦ መርከብ የሚጠገንበት ገንዳ ገብታለች፣ አለቃህ የተበሳውን ላሜራ ቆርጠን አዲስ በይደን እናስወጣት ይላል፣ አንተ ግን ልብህ አልተቀበለውም። እኔም አልቀበለውም።

ፈንጂ ውሃ ውስጥ ሲፈነዳ በስቶ ብቻ አይተውም፣ መርከቧን ሙሉ እንደ ጅራፍ ነው የሚያወናጭፋት፣ ስለዚህ ቀዳዳው ፊት ሆኖ ጉዳቱ ኋላ ሞተር ክፍል ሊገኝ ይችላል። በ1988 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ሮበርትስ የምትባል የአሜሪካ የጦር መርከብ ፋርስ ባህረ ሰላጤ ላይ ፈንጂ ሲመታት ከታች አከርካሪዋ ተሰበረ፣ ሞተሮቿም ከመቀመጫቸው ተነቀሉ። አለቃህ ብሪጅተን የምትባለውን ታንከር ይጠቅስልህ ይሆናል፣ በ1987 እ.ኤ.አ. እዛው ባህረ ሰላጤ ፋርሲ ደሴት አጠገብ ተመታ በራሷ ሞተር የቀጠለችውን፣ ሊያጅቧት የመጡት የጦር መርከቦች እኮ ከኋላዋ ተሰልፈው ነው የሄዱት (ይሄ ሁሌ ያስቀኛል)። እሷ ግን 400,000 ቶን የምትጭን በብዙ ታንክ የተከፋፈለች ግዙፍ ናት፣ ደግሞ አለመስጠም ማለት አለመጎዳት አይደለም።

እሳት ከማንሳትህ በፊት የጋዝ ፍሪ ወረቀት (ታንኩ ውስጥ የሚቀጣጠል ጋዝ እንደሌለ የሚያረጋግጥ) ይኑር፣ ወረቀቱ ላይ ብቻም አትተማመን፣ ከስቲፈነር (ላሜራውን ከውስጥ ከሚያጠነክረው ብረት) ጀርባ የተጣበቀ ዝቃጭ ስታሞቀው እንደገና ጋዝ ይለቃል፣ የጋዝ መለኪያው ስራው እስኪያልቅ አጠገብህ ይሁን።

ከዛ ባትሪህን ላሜራው ላይ ከጎን አስጠግተህ አብራ፣ ፊት ለፊት ካበራህ ምንም አታይም፣ ከጎን ሲሆን ጎርበጥ ያለው በጥላው ይወጣል። ቀለሙ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቆ ካየህ ብረቱ ተለጥጧል ማለት ነው፣ እዛ ጋ ያሉትን ብየዳዎች በሙሉ ስንጥቅ በሚያሳይ የመፈተሻ ቀለም ፈትሽ። መቁረጫ መስመርህ ጤነኛ ብረት ላይ ይረፍ፣ የአዲሱን ላሜራ ጥግ ክብ አርገው፣ ሹል ጥግ ክራክ (ስንጥቅ) ይጠራል። የብየዳ ኤሌክትሮዱ ከምድጃ የወጣ ደረቅ ይሁን፣ የብረቱን ግሬድም (የጥራት ደረጃ) ሰርቬየሩ፣ ማለትም የመርከብ ተቆጣጣሪው ሳያይ አትጀምር። በላዩ ላይ ላሜራ መደረብ ወደብ ለመድረስ እንጂ ለጥገና አይሆንም።

የፓምፖቹን የውጭ አካል (ካሳ የሚባለውን) ደግሞ እንዳትረሳ፣ ካስት አይረን (ተሰባሪ ቀልጦ የተቀረፀ ብረት) ስለሆነ ሳይታጠፍ ነው የሚሰነጠቀው። የሞተር ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በመዶሻ መታ መታ አርገህ ስማቸው፣ የላላው ድምፁ ድፍን ይላል። የሻፍቱን (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ) አላይመንት፣ ማለትም ቀጥ ብሎ መሰለፉን ዶክ ላይ ለክተህ አትጨርስ፣ ውሃ ላይ ስትመለስ ቅርጿ ትንሽ ስለሚቀየር እንደገና ይለካ።