«ጋዝ ተርባይን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ልክፈል?»

ጠያቂያችን የ27 ዓመት ወጣት ነው። በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ አንድ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ማሽን) ላይ አራት ዓመት ሠርቷል። ዱባይ ያለው የአክስቱ ልጅ ስለ ጀበል አሊ የጋዝ ኃይል ማመንጫዎች አውርቶለት ልቡ ሸፍቷል። አንድ ደላላ ደግሞ «ኦፕሬተር ሆነህ ትገባለህ፤ ቪዛው ግን የጉብኝት ነው» ብሎ 150 ሺህ ብር ጠይቆታል። «ጋዝ ተርባይን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ልክፈል ወይስ ልተወው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ከብሩ ልጀምር። አትክፈል። በኤሚሬትስ የሥራ ሕግ የቅጥር ወጪ የአሠሪው ነው። በቀጥታም ሆነ በዘወርዋራ ከሠራተኛው መውሰድ ክልክል ነው። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ መሥራትም ሕገወጥ ነው። ደግሞ የኃይል ማመንጫ ኮንትሮል ሩም፣ ማሽኖቹን የሚቆጣጠሩበት ክፍል፣ በደላላ የሚገባበት ቤት አይደለም።

ለምን መሰለህ? ጀበል አሊ ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 ሥራ የጀመረ የአልሙኒየም ፋብሪካ አለ። የራሱ የጋዝ ኃይል ማመንጫ አለው። አልሙኒየሙ የሚወጣው 960 ዲግሪ አካባቢ በጋሉ ገንዳዎች ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ኃይል ለጥቂት ሰዓታት ከተቋረጠ ገንዳው ውስጥ ያለው ሁሉ እንደ ሞራ ይረጋል። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ሻማ ለኩሰን እንጠብቃለን፤ እዚያ መጠበቅ የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ሰው የሚቀጥረው ፈትኖ ነው። የዱባይ ውሃና መብራት ባለሥልጣን ጣቢያዎችም እዚያው ጀበል አሊ ናቸው፤ ተደምረው ከ9,500 ሜጋ ዋት በላይ ያመነጫሉ። የሕዳሴ ግድባችን 5,150 ነው።

አሁን ወደ አንተ። «ጋዝ አይቼ አላውቅም» ስትል ራስህን በጣም አርክሰሃል። ዘመናዊ የጋዝ ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ ኮምባይንድ ሳይክል የሚሉት ነው። ጋዙ ነዶ የመጀመሪያውን ተርባይን፣ ማለትም ጄኔሬተሩን የሚያሽከረክረውን ማሽን፣ ያዞራል። ከዚያ የሚወጣው ጭስ ወደ 600 ዲግሪ ይሞቃል፤ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ አይለቀቅም። ቦይለር ውስጥ አልፎ ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ሌላ ተርባይን ያዞራል። ገባህ? የጣቢያው ግማሽ አንተ አራት ዓመት ያደርክበት ሥራ ነው። ባጋስ (የሸንኮራ ገለባ) ነደደ ጋዝ ነደደ፣ ውሃና እንፋሎት የሚለያዩበት ድራም ያው ድራም ነው። ለቦይለሩ ውሃ የሚገፋው ፊድ ፓምፕም ሲታመም ያው ድምፅ ነው የሚያሰማው።

ለቃለ መጠይቅ የሚሆን አንድ ጥያቄ ልስጥህ። «የድራሙ ውሃ መጠኑን ከሚያሳየው መስታወት ጠፍቶ ብታይ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ቶሎ ብሎ «ውሃ እጨምራለሁ» ያለ እዚያው ወደቀ። የጋለ ቱቦ ላይ ውሃ ሲገባ ቦይለሩ ሊፈነዳ እንደሚችል አንተ ታውቃለህ። መጀመሪያ እሳቱ ይጠፋል። ይህን ከደብተር ያነበበና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሠራው ሰው አመላለሳቸው ይለያያል፤ ጠያቂውም ወዲያው ይለየዋል።

የላክልኝ ሲቪ ግን ይህን ሁሉ ደብቆታል። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል» ብለህ ነው የጀመርከው። አውጣው። ቦይለርህ በሰዓት ስንት ቶን እንፋሎት ይሰጣል? በስንት ባር (የግፊት መለኪያ)፣ በስንት ዲግሪ? የሚያዞረው ተርባይን ስንት ሜጋ ዋት ነው? ክረምት ላይ ፋብሪካው ለጥገና ሲቆም በእጅህ ምን ፈተህ ምን ገጠምክ? የመጀመሪያው ገጽ ይህ ይሁን።

የጥገናው ነገር በተለይ ይጠቅምሃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋው ላይ ኤሲ ሁሉ ስለሚበራ ጣቢያ ማቆም አይታሰብም። ትልልቅ ጥገና የሚሠራው ሲቀዘቅዝ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ኦፕሬተር ብለህ ኮንትሮል ሩሙን ከማንኳኳት፣ ለእነዚህ ጣቢያዎች ጥገና ለሚሠሩ ኩባንያዎች ከሐምሌና ነሐሴ ጀምረህ በቦይለር ወይም በሜካኒካል ቴክኒሽያንነት አመልክት። «ዲግሪ ይዤ ቴክኒሽያን?» ትል ይሆናል። ይቆረቁራል፣ አውቃለሁ። ግን ተርባይን ተከፍቶ የምታየው በዚያ በር ከገባህ ነው።

ኤጀንሲ ካስፈለገህ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን አጣራ። የዲግሪህን ማረጋገጫ አሁኑኑ ጀምር፤ ውጭ ጉዳይና ኤምባሲ መመላለሱ ጊዜ ይበላል።

አገር ቤትንም አትርሳ። መስከረም 2018 የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል፤ ጎዴ ላይ ደግሞ የማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ያለ እንፋሎት አይሠራም።

ሲቪውን አስተካክለህ ላክልኝ። ቶኑንና ባሩን ሳትጽፍ ከላክኸው ሳላነብ እመልስልሃለሁ።