ፎርሙላ ሸምድዶ የቤት ስራ እምቢ ላለው ልጅ

እህቴ፣ «ወንድሜ 10ኛ ክፍል ነው፣ ፎርሙላውን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል ግን የኤሌክትሪክና የሞሽን የቤት ስራ ሲሰጠው ወረቀቱን እያየ ቁጭ ይላል ምን ላድርገው?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው አይደል። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው ፊዚክስ የማስጠናው፣ ያየኋቸው ልጆች አብዛኞቹ እንደሱ ናቸው። ተጨማሪ ፎርሙላ አትስጪው። የጎደለው ቁጥሩ ምን ያህል እንደሆነ አለመሰማቱ ነው፣ 15 አምፒር ብዙ ይሁን ትንሽ ስለማያውቅ መልሱ 1500 ቢወጣለትም ምንም ሳይመስለው አስምሮበት ያልፋል።

ኤሌክትሪኩን ከኩሽና ጀምሩት። የእንጀራ ምጣዱን ዋት አንብብ በይው፣ 3500 ነው እንበል። የቤታችን ቮልቴጅ 220 ነው። ፓወር (በዋት) ቮልቴጅ ሲባዛ በከረንት (በአምፒር) ስለሆነ 3500 ለ220 ሲካፈል ወደ 16 አምፒር ይመጣል። አሁን 1100 ዋት የሆነ ካውያ አብሮ ሲሰካስ? እሱ 5 አምፒር ነው፣ ድምሩ 21፣ መስመሩ ላይ ያለው ብሬከር (ከረንት ሲበዛ መስመሩን የሚያጠፋው) 16 አምፒር ከሆነ ቆይቶ ለምን ሊወርድ እንደሚችል ራሱ ይነግርሻል። ከረንቱን ለምን ደመርነው ብለሽ ጠይቂው፣ ሁለቱም እኩል 220 ነው የሚያገኙት፣ ከረንታቸውን ግን ለየብቻ ነው የሚስቡት፣ ፓራለል ማለት ይሄው ነው በቃ።

ፓራለል ካልን፣ 6 ኦም እና 3 ኦም ሬዚስታንስ በ12 ቮልት ሲሰጡት አንድ ስድስተኛና አንድ ሶስተኛ ደምሮ ግማሽ ያገኝና ሬዚስታንሱ 0.5 ነው ብሎ ይጽፋል፣ መገልበጡን ይረሳዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በየመስመሩ ይሂድ፣ ከረንት ቮልቴጅ ሲካፈል ለሬዚስታንስ ነው፣ 12 ለ6 ሲካፈል 2 አምፒር፣ 12 ለ3 ሲካፈል 4 አምፒር፣ ጠቅላላ 6 አምፒር፣ 12 ቮልቱ ለዚህ 6 አምፒር ሲካፈል ደግሞ 2 ኦም። መገልበጥ የሚባል ነገር የለም። (ያቺን ቪ፣ አይ፣ አር (ቮልቴጅ፣ ከረንት፣ ሬዚስታንስ) የተጻፈባት ትሪያንግልም ብትቀርበት ደስ ይለኛል፣ ልጆች አንዱን ፊደል በጣታቸው ሸፍነው መልስ ያወጣሉ ግን ምን እየሰሩ እንደሆነ አያውቁም።)

ሞሽን ላይ ደሞ ብዙ ነጥብ የሚበላው ዩኒት ነው። መኪናው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር እየሄደ ብሬክ ያዘ፣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል፣ ስንት ሜትር ሄዶ ቆመ? 72ን እንዳለ ከከተተው አለቀለት። መጀመሪያ ለ3.6 ያካፍል፣ 20 ሜትር በሰከንድ። ቆመ ስላለ የመጨረሻው ቬሎሲቲ ዜሮ ነው፣ ጥያቄው ላይ በቁጥር ባይጻፍም ተሰጥቷል። ርቀቱ የመነሻው ቬሎሲቲ ስኩዌር ለ2 ጊዜ ቅነሳው ሲካፈል ነው፣ የ20 ስኩዌር 400፣ ለ2 ጊዜ 5 ሲካፈል 40 ሜትር። ከዛ ያንኑ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር አሰሪው፣ 10 ሜትር ብቻ ይመጣል። ፍጥነቱ በግማሽ ቀንሶ ርቀቱ ለምን ወደ ሩብ ወረደ ብሎ ከገረመው ኪነቲክ ኢነርጂ (የእንቅስቃሴ ኢነርጂ) ገብቶታል ማለት ነው፣ ቬሎሲቲው ስኩዌር ስለሚሆን ነዋ።

ኢነርጂ ላይ እኔ የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ሰው ጭኖ 3000 ኪሎ የሚመዝን ሚኒባስ በዛው በ20 ሜትር በሰከንድ ሲሄድ ግማሽ ጊዜ 3000 ጊዜ 400፣ 600,000 ጁል ኪነቲክ ኢነርጂ አለው፣ ምጣዱ ይሄን ለመጨረስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? 3500 ዋት ማለት በሰከንድ 3500 ጁል ነው፣ ስናካፍለው 171 ሰከንድ፣ 3 ደቂቃ እንኳን አይሞላም! ይሄን ያሰራኋቸው ልጆች መጀመሪያ ተሳስተናል ብለው ደግመው ያሰላሉ። ቆጣሪው ላይ የሚነበበው ኪሎዋት ሰዓትም ኢነርጂ እንጂ ፓወር አይደለም፣ አንዱ 3.6 ሚሊዮን ጁል ነው፣ ፈተና ላይ ኪሎዋትና ኪሎዋት ሰዓት እያምታቱ ነጥብ የሚጥሉ ብዙ ናቸው።

የከበደውን ጥያቄ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ልቀቂው፣ ግን እሱ የሞከረበትን ወረቀትም አብረሽ አንሺው፣ ሰርዞም ቢሆን ችግር የለውም፣ የት ጋ እንደጠፋበት የማየው እሱ ላይ ነው።